ብላክ ሌብል፣ ጄምሰን፣ ጃክ ዳንኤል፣ ላፍሮይግ፦ አራቱን ጎን ለጎን ቀመስናቸው

ሽምብጥ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት አራት ጓደኛሞች ተሰብስበን ነበር። ጠረጴዛው ላይ አራት ጠርሙስ ውስኪ ተደረደረ። ብላክ ሌብል (የስኮትላንድ)፣ ጄምሰን (የአየርላንድ)፣ ጃክ ዳንኤል (የአሜሪካ) እና ላፍሮይግ 10 (የስኮትላንድ)። የመጨረሻውን የአንዱ ጓደኛችን እህት ከውጭ ስትመጣ ነው ያመጣችው። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ላፍሮይግ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ለመስከር አልተቀመጥንም። ቆሮሶ ጥብስ በልተን ነው የጀመርነው፤ ከእያንዳንዱም ግማሽ ግማሽ መለኪያ ብቻ ነው የተቀዳው። ባለቤቴ ብርጭቆዎቹን ከ1 እስከ 4 ቁጥር ለጥፋባቸው ጓዳ ቀድታ አመጣችልን። የትኛው የቱ እንደሆነ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። መጀመሪያ በረንዳ ላይ ነበርን፤ ከዚያ የጣና ነፋስ ተነሳና ሽታውን ሁሉ ወሰደብን። ወደ ሳሎን ገባን። ይህን ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ ውጭ አትቀመጡ፤ የውስኪ ግማሹ ነገር አፍንጫ ነው።

ቁጥር 1 ጃክ ዳንኤል ነበር። ጣፋጭ ነው፤ ቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ከእህሉ 80 በመቶው በቆሎ ነው። የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። ጣፋጩ ከሁለቱም ይመጣል።

ቁጥር 2 ጄምሰን። ለስላሳ፣ ቀለል ያለ፣ ጉሮሮ የማይቧጥጥ። ከአራታችን ሦስታችን «ውዱ ይሄ ነው» አልን። አልነበረም።

ቁጥር 3 ብላክ ሌብል። ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ አለው። የደረቀ ፍራፍሬ፣ ቅመም፣ መጨረሻ ላይ ቀጭን ጢስ። ያን ጢስ ስንት ዓመት ስጠጣው ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ከሌሎቹ ጎን ሲቀመጥ ነው የታየኝ።

ቁጥር 4 ላይ ቤቱ ተከፈለ። አንዱ ጓደኛችን ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ወዲያው መለሰው። «ይሄ ሆስፒታል ነው» አለ። አዮዲን፣ ፋሻ፣ ቁስል ማጠቢያ። እኔ ግን ሌላ ቦታ ነው የሄድኩት። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት፣ ለጠላ የታጠበ ጋን በወይራ ጢስ ላይ ተደፍቶ። ያንኑ ሽታ ነው ያገኘሁት። ለደቂቃ ዝም ብዬ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እያሰብኩ ነው። ውስኪ የሀብታም መጠጥ ነው፣ የፈረንጅ ነው፣ እኛ የምናውቀው ስሙንና ዋጋውን ነው እንባባላለን። እኔ ግን በጠላና በአረቄ አገር ያደገ ሰው ውስኪን ለመቅመስ ማንም እንዲያስተምረው አያስፈልገውም እላለሁ። ብቅል እናውቃለን። ጢስ እናውቃለን። ተራና ዳግም እንለያለን። እናንተስ?

አባይ ማዶ

ብላክ ሌብል ብላክ ሌብል ነው። ሌላው ወሬ ነው ወንድሜ።

የብቅል ልጅ

አባይ ማዶ፣ ብላክ ሌብል መውደድህ ደግ ነው፤ ግን ሽምብጥ ዳር ያለው ነገር እውነት ነው። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን። የዳጉሳ አረቄ። እና አንድ ቀን አንድ ሰው ስለ ስኮትላንድ ሲያወራ ሰምቼ «ይሄማ የእናቴ ጓዳ ነው» አልኩ።

እነሱ ገብስ ይነክራሉ፣ ያበቅላሉ፣ ያደርቃሉ፣ ይፈጫሉ። እናቴም እህሉን ነክራ፣ በቅጠል ሸፍና፣ ጭራ እስኪያወጣ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ብቅል የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው፤ እህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል። እዚህም እዚያም ያው ነው። ልዩነቱ እኛ ጌሾ እንጨምራለን።

ከዚያ ማውጣቱ። እናቴ ድፍድፉን ጥዳ፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ እየሄደ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ላይ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ዙር ተራ ነው። እሱኑ መልሳ ስታወጣው ዳግም ይሆናል። የስኮትላንድ ነጠላ ብቅል ውስኪም (ከአንድ ፋብሪካ፣ ከበቀለ ገብስ ብቻ የሚሠራው) አብዛኛው ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እሱ ዳግም ነው ማለት ነው! ጄምሰን ደግሞ ሦስት ጊዜ ይወጣል። ሽምብጥ ዳር፣ ቁጥር 2 ጉሮሮ አልቧጠጠም ያልከው በከፊል ከዚያ ነው። እናቴ ሰምታ «ሦስት ጊዜ ካወጡት ምኑ ይቀራል?» ነው ያለችው።

ጥያቄዋ ልክ ነው። በደጋገምከው ቁጥር ይጠራል፤ ግን የእህሉ ጣዕምም አብሮ ይሳሳል።

ሽምብጥ ዳር

«ጄምሰን ዳግመ ዳግም ነው» ብዬ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። አሁን ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራው። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጄምሰን ውስጥ የበቀለ ገብስ ብቻ አይደለም ያለው። ያልበቀለ ገብስም ይገባበታል፤ ያ የአየርላንዶች የቆየ ልማድ ነው። እንደ ቅባት ያለ ነገር ምላስ ላይ ይተዋል። አረቄም ቢሆን ብቅሉ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ያልበቀለ እህል ነው አይደል?

የብቅል ልጅ

አዎ። ብቅሉ ሥራ አስጀማሪ ነው። ሸክሙ ዳጉሳው ላይ ነው።

ጡረተኛው

ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ። እኔ ሳሎን ቡፌ ውስጥ አንድ ብላክ ሌብል አለኝ። ታላቋ ልጄ የተዳረች ዕለት ነው የተሰጠኝ። 21 ዓመት ሆነው። 12 ዓመት ይላል ላዩ ላይ። አሁን 33 ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ብከፍተው ምን ያህል የተሻለ ይሆን?

ቤተ ሙከራ

ጋሼ፣ በጤናዎ ላይ ነዎት? ኬሚስትሪ አስተምራለሁና እውነቱን ብነግርዎ ይሻላል። ውስኪ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ አያረጅም። ዕድሜ የሚጨምረው እንጨት ውስጥ ሳለ ብቻ ነው። የእርስዎ ጠርሙስ ዛሬም 12 ዓመት ነው።

እና 12 የሚለውም ቁጥር አማካይ አይደለም። ብላክ ሌብል ከብዙ ፋብሪካዎች የተቀላቀለ ነው። ከተቀላቀሉት ሁሉ ትንሹ ዕድሜው 12 ነው ማለት ነው። ውስጡ ከዚያ የሚበልጥ ሊኖር ይችላል፤ የሚያንስ ግን አይኖርም። በሕጋቸው ስኮች (የስኮትላንድ ውስኪ) ለመባል ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት ኦክ በርሜል ውስጥ፣ እዚያው ስኮትላንድ መቆየት አለበት። አልኮሉም ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም።

ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ፀሐይ ሳያገኘው ከኖረና ካልጎደለ ሊበላሽ አይችልም። ቡፌው መስኮት ፊት ለፊት ነው?

ጡረተኛው

አይደለም፣ ጥግ ላይ ነው። ጎደል ያለም አይመስለኝም። አመሰግናለሁ ልጄ። ሃያ አንድ ዓመት «ይቆይ፣ ይበስላል» እያልኩ ለእንግዳ እንኳ ሳልከፍተው ኖርኩ።

የዘጌ ቡና

ጋሼ ይክፈቱት እንጂ! ልጅዎ ስትመጣ ይክፈቱት።

እኔ ስለ ጢሱ ነው መጻፍ የፈለግሁት። ከየት ነው የሚመጣው? አንድ ሰው በርሜሉን ነው የሚያጥኑት አለኝ። እንደ እኛ ጋን?

ሽምብጥ ዳር

አይደለም፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጋናችንን በግራዋ አጥበን በወይራ እናጥነዋለን፤ ጢሱ በዕቃው በኩል ነው የሚገባው። እነሱ ጋ ጢሱ የሚገባው በእህሉ ነው። ብቅሉ ጭራ ካወጣ በኋላ ማድረቅ አለባቸው። የኛ ፀሐይ እዚያ የለም። ስለዚህ እሳት አንድደው ከላይ ያሰጡታል። አይላ የምትባለው ደሴት ላይ ደግሞ ዛፍ እንደልብ ስላልነበረ የሚያነዱት ፒት ነው። ፒት ማለት ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ፣ በደንብ ያልበሰበሰ ሣርና ቅጠል ነው። እየቆረጡ ያወጡታል፣ ያደርቁታል፣ እንደ ኩበት ይነዳል። ጢሱ እርጥቡ ብቅል ላይ ይጣበቃል። ከዚያ መፍጨቱን፣ መፍላቱን፣ ሁለት ጊዜ መውጣቱን፣ 10 ዓመት በርሜል ውስጥ መቆየቱን ሁሉ አልፎ ብርጭቆህ ውስጥ ይደርሳል። ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

ላፍሮይግ፣ ላጋቩሊን፣ አርድቤግ፣ ሦስቱም የዚያች ደሴት ልጆች ናቸው፤ በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው የተሠሩ ጎረቤታሞች። ላፍሮይግ ከ1815 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

ስኮች ሁሉ ግን ጢስ አለው ማለት አይደለም። ግሌንፊዲክን የቀመሰ ሰው ጢስ ፈልጎ አያገኝም።

አባይ ማዶ

እሺ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፤ ከልቤ ነው። ሰው ቤት ሄጄ አምቦ ውሃ ስጨምርበት «ውስኪ አበላሸህ» ተባልኩ። በረዶም እንዲሁ። በገዛ ብርጭቆዬ። እውነት ያበላሸዋል?

ቤተ ሙከራ

አባይ ማዶ፣ ማንም አይውቀስህ። ጃፓኖች ውስኪን በበረዶና በጋዝ ውሃ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ቀላቅለው ከምግብ ጋር ይጠጡታል። ሃይቦል ይሉታል። የውስኪን ሥራ ደግሞ በቁም ነገር የያዙ ሰዎች ናቸው። አንዱ ወጣት ኬሚስታቸው ታኬትሱሩ በ1918 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ድረስ ሄዶ ሙያውን ተምሮ ተመለሰ። የያማዛኪ ፋብሪካ በ1923 ሲመሠረት እሱ ነበር ሥራውን የመራው።

ለመቅመስ ከሆነ ግን ሌላ ነው። በረዶ ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ ነገር ሽታው አይነሳም። አምቦ ደግሞ የራሱ ማዕድንና ጋዝ አለው፤ ምላስህ እሱንም ይሰማል። ጋዝ የሌለው ውሃ ጥቂት ጠብታ ግን ይረዳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለት የስዊድን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን በኮምፒውተር ስሌት አይተውት ነበር። የጢስ ሽታ ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች አንዱ ጓያኮል ይባላል። አልኮሉ ሲበዛ ጓያኮል ወደ ውስጥ ይደበቃል። ውሃ ሲጨመር ወደ ላይ፣ ወደ ብርጭቆው አፍ ይወጣል። ስለዚህ ጠብታዋ ውስኪውን አላቀጠነችም፣ ከፈተችው።

ላፍሮይግን እንደዚያ ሞክሩት። መጀመሪያ እንዳለ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ።

የዘጌ ቡና

ውሃ ከተነሳ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ምንጩ ድረስ መጥቶ ነበር። እዚያ ደርሶ ደስታውን የገለጸው በምን መሰላችሁ? የምንጩን ውሃ በኮኮናት ቅርፊት ቀድቶ ለአገሩ ንጉሥ ጤና እያለ ጠጣ። ከውስኪ አገር የመጣ ሰው፣ በሕይወቱ ትልቁ ቀን፣ ውሃ! እና ያ ውሃ በግልገል አባይ አድርጎ እዚህ ጣና ነው የሚገባው።

በነገራችን ላይ በስኮትላንዶች የጥንት ቋንቋ ውስኪ ማለት ራሱ «የሕይወት ውሃ» ነው። አረቄ ደግሞ ከዐረብኛ ነው የመጣው፤ «ላብ» ማለት ነው። ማሰሮው ላይ የሚንጠባጠበውን አይቶ ነው የሰየመው ሰው። እኔ የዐረቦቹን ስም እመርጣለሁ፤ ሥራው ይታይበታል።

ጀማሪ

ሰላም፣ እኔ ገና ነኝ። ደማቅ ቀለም ያለው ይሻላል የሚባለውስ? ሱቅ ስገባ ሁሌ ጠቆር ያለውን ነው የማየው።

ቤተ ሙከራ

ቀለም አያታልልህ። ስኮች ውስጥ የተቃጠለ ስኳር ለቀለም ብቻ መጨመር ይፈቀዳል። ከማሰሮው ሲወጣ ሁሉም ውስኪ እንደ አረቄ ነጭ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው በርሜሉ ነው፤ ቫኒላውንም እንዲሁ። የአሜሪካው የበቆሎ ውስኪ፣ የቦርቦን ሕግ ግን ቀለም መጨመር አይፈቅድም። እዚያ ያየኸው ቀለም የእንጨቱ ነው።

አባይ ማዶ

እኔም ልጨምርለት። ጀማሪ፣ ከቀለም በፊት ጠርሙሱ ኦርጅናል መሆኑን ተመልከት። ባለፈው ዓመት አንድ ጠርሙስ ገዛሁ፤ የት እንደሆነ ይቅር። ክዳኑ ሲከፈት የሚሰበረው ቀለበት ቀድሞውኑ ላልቶ ነበር። መለያው ወረቀት ጠርዙ ላይ ሁለት ሙጫ ነበረው። ማታ ስለነበር ልብ አላልኩም። ሁለት መለኪያ ጠጣሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ይዤ አደርኩ። ጠዋት ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ ባዶ ጠርሙስ በጤናው አልጥልም፤ መለያውን ልጬ፣ ክዳኑን አጣምሜ ነው የምጥለው። መልሰው የሚሞሉት የኛኑ ጠርሙስ ነው።

ቤተ ሙከራ

ይህንን ሁላችሁም አንብቡት። በፎርጅድ መጠጥ ውስጥ የሚያስፈራው ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ነው። በማሽተትም በመቅመስም ከተራው አልኮል መለየት አይቻልም። ምልክቱም ወዲያው ላይመጣ ይችላል፤ ከ12 ሰዓት በላይ ሊዘገይ ይችላል። ዓይን ከደበዘዘ፣ ትንፋሽ ከፈጠነ፣ ማስመለስና የሆድ ሕመም ከመጣ «ሐንጎቨር ነው» ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም ቤት ሂዱ፣ የጠጣችሁትንም ንገሩ። መድኃኒት አለው፤ ግን በጊዜ ነው።

ጡረተኛው

ተባረክ። ይሄ ምክር ከውስኪው ይበልጣል።

የዘጌ ቡና

አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ቀልድ አይደለም። የእናት ዳጉሳ አረቄን በርሜል ውስጥ ብናስቀምጠውስ? ሕንዶች ባንጋሎር ላይ አምሩት የሚባል ነጠላ ብቅል ውስኪ ይሠራሉ። ሞቃት ከፍታ ነው፣ እንደ እኛ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነን። ኦክ ካጣን ዋንዛ አለ። ከበሮውም በሩም ከዋንዛ ነው የሚሠራው።

ቤተ ሙከራ

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ እንጨት ይተነፍሳል። ስኮትላንድ ውስጥ በዓመት 2 በመቶ ገደማ ከበርሜሉ ይተናል፤ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። ባንጋሎር ላይ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይሄዳል። ለዚያ ነው አምሩት በጥቂት ዓመት ጠርሙስ የሚገባው። 12 ዓመት ቢያቆዩት በርሜሉ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። እዚህም ከስኮትላንድ በላይ እንደሚተን አስብ።

ሁለተኛ፣ ኦክ የተመረጠው እንዲሁ አይደለም። የአሜሪካው ነጭ ኦክ የእንጨቱ ቀዳዳዎች በተፈጥሮ የተደፈኑ ናቸው፤ አያፈስም። ሲለበለብ ደግሞ ቫኒሊን ይሰጣል። ዋንዛ አልኮል ውስጥ ለወራት ሲቀመጥ ምን እንደሚለቅ ሳይመረመር እኔ አልጠጣውም፤ ለሰውም አላጠጣም። ያገለገለ የኦክ በርሜል ካገኘህ ግን እኔም አለሁበት። አንድ መለኪያ ለእኔ ትያዝልኝ።

የዘጌ ቡና

እሺ፣ በርሜል ፍለጋ ላይ ነኝ።

ሽምብጥ ዳር

የብቅል ልጅ፣ ከላፍሮይጉ አንድ ሁለት መለኪያ ቀርቶናል። ለእናትሽ ላምጣላቸው? ምን እንደሚሉ መስማት በጣም እፈልጋለሁ። ጢሱ በምን በኩል እንደሚገባ ግን እንዳትነግሪያቸው።

የብቅል ልጅ

ና፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ምንም አልነግራትም።

ጡረተኛው

ልጄ ትናንት ከነልጆቿ መጣች። ከፈትኩት። እሷ አትጠጣም፣ ባሏ ትንሽ ቀመሰ፣ እኔ በውሃ ጠብታ። ቀጭኗን ጢስ መጨረሻ ላይ አገኘኋት፣ ሽምብጥ ዳር እንዳልከው። ጠርሙሱ ወደ ቡፌው አልተመለሰም፤ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

የብቅል ልጅ

ሽምብጥ ዳር ሊጽፈው ነበር፣ እኔ ልቅደመው። ቅዳሜ መጣ። እናቴ ግቢ ውስጥ ብቅል አስጥታ ነበር። መለኪያውን ሰጣት። መጀመሪያ እንደ ልማዷ ጣቷን ነክራ መሬት ላይ ጠብ አደረገች። ከዚያ መዳፏ ላይ ትንሽ አፍስሳ አሸችና አሸተተች። አረቄንም የምታውቀው እንደዚያ ነው። አልኮሉ ሲበን እጅ ላይ የሚቀረውን ነው የምታሸተው። ቆይታ በከንፈሯ ነካችው።

«ገብስ ነው» አለች። «ታጥኗል።»

ሽምብጥ ዳር «ጋኑ ነው የታጠነው እማማ?» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። «የጋን ጢስ ከላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሁለት ቀን ያድርና ይለቃል። ይሄ ከውስጥ ነው የሚመጣው። ብቅሉን ነው ያጠኑት።»

ሁለታችንም ቁጭ ብለን ተያየን። እሷ ግን ስለ እኛ አላሰበችም። ያሰጣችውን ብቅል እያየች ነበር። በወይራ ቢታጠን ጠላው እንዴት እንደሚሆን ጠየቀችን። ማናችንም አናውቅም። ትንሽ ቁና ለይታ አስቀምጣለች። ሽምብጥ ዳር ነገ ወይራ ይዞ ይመጣል።